ወደቡ የማን ነው? ስለ ኒውዮርክና ኒውጀርሲ የወደብ ባለሥልጣን አስተዳደርና ቁጥጥር

(በማኅበራችን ጉባኤ ላይ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ስለ አንድ የወደብ መሥሪያ ቤት ነው። ርእሱ በተነገረ ጊዜ ከመካከላችሁ «ወደብ የሌለው አገር ልጆች ስለ ወደብ አስተዳደር ምን አገባቸው?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ከሱ እንጀምራለን።

ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።) ነገር ግን የወደብ ዋጋ የማይከፍል ኢትዮጵያዊ የለም። ገበሬው በማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ፣ ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት፣ የመኪናው ጎማና የመኪናው ነዳጅ በመርከብ ተጭኖ፣ በወደብ ተራግፎ የመጣ ነው። በየደረጃው የተከፈለው ሒሳብ ሁሉ ተደምሮ በመጨረሻ የሚያርፈው ዕቃውን በሚገዛው ድኻ ላይ ነው። ከዚህም በላይ የዛሬው ጥያቄያችን ከወደብ ይሰፋል። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ንብረትነቱ የሕዝብ የሆነ፣ ገቢውን ግን ራሱ የሚሰበስብ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሚታዘዘው ለማን ነው? ሲሳሳትስ የሚያርመው ማን ነው?

ለምሳሌ የመረጥነው በደጃፋችን ያለውን የኒውዮርክና የኒውጀርሲ የወደብ ባለሥልጣን ነው። ብዙዎቻችን የአሜሪካን ምድር መጀመሪያ የረገጥነው በኬኔዲ ወይም በኒውዋርክ አየር ማረፊያ ነው፤ ሁለቱንም የሚያስተዳድረው ይህ መሥሪያ ቤት ነው። የቤት ኪራይ ይቀንስልን ብለን ከሐድሰን ወንዝ ማዶ ስንቀመጥ፣ በየማለዳው የምንሻገርበት ዋሻ፣ የምንሳፈርበት ባቡር፣ የምንወርድበት የአውቶቡስ ጣቢያ የሱ ነው። ዋጋ ሲጨምር እንከፍላለን፤ ለምን እንደ ጨመረ ግን የሚነግረን አልነበረም። ይህን ጥናት እንድንጀምር ያደረገን ይኸው ነው።

መሥሪያ ቤቱ የተመሠረተው በአፕሪል 30 ቀን 1921 በሁለቱ ግዛቶች ስምምነት ነው፤ በዚያው ዓመት ኮንግሬስ አጸደቀው። ከዚያ በፊት አንዱን የተፈጥሮ ወደብ ወንዝ ከሁለት ከፍሎት፣ ኒውዮርክና ኒውጀርሲ በባቡር ጭነት ዋጋና በድንበር ሲካሰሱ ኖረዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደቡ በጭነት ተጨናንቆ ሥራ ሊቆም በደረሰ ጊዜ፣ ሁለት አስተዳደር ለአንድ ወደብ እንደማይበጅ ሁሉም ተረዳው። በ1909 ሥራ የጀመረው የለንደን ወደብ ባለሥልጣን አርአያ ሆናቸው። የመሥራቾቹም ሐሳብ መልካም ነበር፤ ወደቡን ከፖለቲከኞች የዕለት ጠብ አውጥቶ፣ ሙያ ላላቸው ሰዎች መስጠት ነበር።

ሥራውም አላሳፈራቸውም። በ1931 የጆርጅ ዋሺንግተንን ድልድይ ሠራ። በ1937 የሊንከንን ዋሻ ከፈተ። በ1947 የኒውዮርክን ሁለት ትላልቅ አየር ማረፊያዎች ተከራይቶ ያዘ። ዛሬ የዓለም ንግድ ሁሉ የሚጓዝበት ኮንቴነር ሥራው የተጀመረው በዚሁ ወደብ ነው፤ በአፕሪል 1956 አይዲያል ኤክስ የምትባል መርከብ 58 ኮንቴነር ጭና ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ሄደች። በ1973 የተመረቁትን የዓለም ንግድ ማእከል ሕንፃዎች የሠራውም እሱ ነው። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ሕንፃዎቹ ሲወድቁ ከሠራተኞቹ 84 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ዛሬ የምንነቅፈው ሥራ ፈት መሥሪያ ቤት አይደለም። የምንነቅፈው ብዙ ሠርቶ ሳለ ለባለቤቱ መልስ መስጠትን ያልተማረ መሥሪያ ቤት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 12 ኮሚሲዮነሮች አሉት፤ ስድስቱን የኒውዮርክ፣ ስድስቱን የኒውጀርሲ አገረ ገዥ ይሾማሉ፤ የየግዛቱም ሴኔት ያጸድቃል። ደመወዝ አይከፈላቸውም። እያንዳንዱ አገረ ገዥ የራሱ ኮሚሲዮነሮች ያደረጉትን ውሳኔ ቃለ ጉባኤውን በመሻር ሊያስቀረው ይችላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በልማድ ዋናውን ዲሬክተር የኒውዮርኩ አገረ ገዥ፣ ሊቀ መንበሩንና ምክትል ዲሬክተሩን የኒውጀርሲው አገረ ገዥ የሚመርጡ ሆኑ። እንግዲህ በአንድ ቤት ሁለት ጌታ ተቀመጠ ማለት ነው። ምክትሉ የሚታዘዘው ለአለቃው አልነበረም፤ ወንዝ ማዶ ላለው ለሾመው ሰው ነበር።

ሁለተኛው ነገር ገንዘቡ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከግብር ገንዘብ አይሰጠውም። የሚኖረው ከኬላ፣ ከኪራይና ከአየር ማረፊያ በሚያገኘው ገቢና ቦንድ ሸጦ በሚበደረው ገንዘብ ነው። ይህ ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን በጀት የማይለምን መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ምክር ቤት ፊት ቆሞ «ያለፈውን ምን አደረግኸው?» ተብሎ አይጠየቅም። ሕዝብ በተወካዮቹ አማካይነት ከሚይዛቸው ልጓሞች ዋናው የበጀት ልጓም ነው፤ እሱ ከመጀመሪያው አልነበረም።

ሦስተኛው የተዘጋው በር ነው። በ1960 የአሜሪካ ኮንግሬስ የሕግ ኮሚቴ መሥሪያ ቤቱን ለመመርመር የውስጥ ደብዳቤዎቹን እንዲያቀርብ ባዘዘ ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1972 መሥሪያ ቤቱን የመሩት ዋናው ዲሬክተር ኦስቲን ቶቢን የሁለቱ አገረ ገዥዎች ትእዛዝ ነው ብለው እንቢ አሉ። ኮንግሬስን በመድፈር ተከሰው በ1961 ተፈረደባቸው፤ በ1962 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረላቸው። ምርመራውም በዚሁ ተዳከመ።

ለማን በሩ እንደ ተከፈተ ደግሞ እንመልከት። በ1962 ሁለቱ ግዛቶች የመሥሪያ ቤቱ ገቢ ለሚከስር የባቡር ሥራ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይውል ለቦንድ ገዢዎች በሕግ ቃል ገቡ። በ1974 የሕዝብ ማመላለሻ ገንዘብ ሲያስፈልገው ሁለቱም ግዛቶች ያንን ቃል ሻሩ። በ1977 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ውል ነውና መሻር አትችሉም» ብሎ ለአበዳሪዎቹ ፈረደ። አበዳሪው ገንዘቡን አስይዞ ውል አለው፤ ውሉን የሚያስከብርለት ዳኛም አለው። በየማለዳው በኬላ የሚከፍለው ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ውል የለውም። ይህን የምንለው አበዳሪ አይጠበቅ ለማለት አይደለም። አበዳሪን እንዲህ አጥብቆ መጠበቅ ከተቻለ ሕዝብንም መጠበቅ ይቻል እንደ ነበር ለማሳየት ነው።

እንዲህ ያለው አሠራር ወዴት እንደሚያደርስ በ2013 ታየ። በጆርጅ ዋሺንግተን ድልድይ በኒውጀርሲ በኩል ፎርት ሊ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ ወደ ድልድዩ ለሚገቡ መኪናዎች በኬላው ሦስት መተላለፊያ ተለይቶ ነበር። በሴፕቴምበር 9 ቀን፣ የከተማዋ ልጆች ትምህርት በሚጀምሩበት ሰኞ ማለዳ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ማንም ሳይነገረው ተዘጉ። መንገዱ ሁሉ ታነቀ። ተማሪዎች በአውቶቡስ ውስጥ ታግተው ዋሉ፤ አምቡላንሶች በሽተኛ ጋ ለመድረስ ዘገዩ። ከንቲባው ስልክ ደወሉ፣ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ የሰጣቸው የለም። ነገሩ እንዲህ ሆኖ አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን ማለዳ በኒውዮርክ በኩል የተሾሙት ዋናው ዲሬክተር ሰምተው መተላለፊያዎቹ እንዲከፈቱ አዘዙ። ዋናው ዲሬክተር በራሳቸው ድልድይ ላይ የሆነውን ያወቁት ከአራት ቀን በኋላ መሆኑን ልብ በሉ!

በመጀመሪያ የተሰጠው ምክንያት «የትራፊክ ጥናት ነው» የሚል ነበር። በኋላ በደብዳቤዎቹና በፍርድ ቤቱ ምስክርነት የታየው ግን ሌላ ነው። የኒውጀርሲው አገረ ገዥ ለምርጫ ሲወዳደሩ ከንቲባው ድጋፋቸውን አልሰጡም ነበርና፣ የአገረ ገዥው የጽሕፈት ቤት ረዳትና በወደብ ባለሥልጣኑ የተሾሙ ሁለት ሰዎች ከንቲባውን ለመቅጣት ያደረጉት ነው። አገረ ገዥው ራሳቸው አላወቅሁም አሉ፤ አልተከሰሱምም።

በዚያው ምርመራ የሌላ ጉድ ጫፍ ተገኘ። የኮሚሲዮነሮቹ ሊቀ መንበር የነበሩት ዴቪድ ሳምሰን በደቡብ ካሮላይና የዕረፍት ቤት ነበራቸው። ወደዚያ አጠገብ የሚወስደው ቀጥታ በረራ በመቋረጡ አየር መንገዱ እንዲመልሰው ፈለጉ። አየር መንገዱ ደግሞ በኒውዋርክ ለሚሠራው የአውሮፕላን መጠለያ የቦርዱን ፈቃድ ይጠብቅ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ጉዳዩን ከአጀንዳ አስወጡት። በረራው ተመለሰ። በማርች 2014 ሥልጣናቸውን ሲለቁ በረራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰረዘ። በ2016 ጥፋታቸውን አመኑ፤ በ2017 የአንድ ዓመት የቤት ውስጥ እስራትና የገደብ ቅጣት ተፈረደባቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በእኛ አገር ብቻ የተተረተ ለሚመስለው ሰው ይህ ማስረጃ ይሁነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። በድልድዩ ጉዳይ አንደኛው ሹም በ2015 ጥፋቱን አምኖ ምስክር ሆነ፤ ሁለቱ በ2016 ተፈረደባቸው። በሜይ 2020 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሁሉ በአንድ ድምፅ የሁለቱን ፍርድ ሻሩ። የዳኞቹ ሐተታ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ የተደረገው ማታለልና ሥልጣንን አለአግባብ መጠቀም ነው፤ ነገር ግን ሰዎቹ የፈለጉት ገንዘብ ወይም ንብረት ስላልነበረ፣ የተከሰሱበት የፌዴራል የማጭበርበር ሕግ አይደርስባቸውም።

ብዙ ጋዜጦች በዚህ ተቆጡ። እኛ ግን ፍርዱን ደጋግመን ካነበብነው በኋላ የተማርንበት ነገር አለ። ፍርድ ቤት የሚቀጣው በሕግ የተጻፈውን ወንጀል ነው። መጥፎ አስተዳደር ሁሉ ወንጀል አይደለም፤ በደል ሁሉ አንቀጽ አይገኝለትም። ስለዚህ የሕዝብ መሥሪያ ቤትን መቆጣጠር ለዐቃቤ ሕግ ትተን ከተቀመጥን፣ ዘበኛ የምናቆመው ሌባው ከወጣ በኋላ ነው። ቁጥጥሩ ውሳኔው በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ፣ ውሳኔው በሚሰጥበት ቀን መኖር አለበት።

ታዲያ ማሻሻሉ ተሞክሯል ወይ? ተሞክሯል። በ2014 የሁለቱም ግዛቶች ምክር ቤቶች፣ ሪፐብሊካኑም ዲሞክራቱም አንድ ሆነው፣ አንድም ተቃውሞ ሳይሰማ የማሻሻያ ሕግ አወጡ። በዲሴምበር 27 ቀን 2014፣ በገና ማግስት ባለው ቅዳሜ፣ ሁለቱ አገረ ገዥዎች ተስማምተው ሕጉን አልፈርምም አሉ። በምትኩ ራሳቸው ያቋቋሙት ኮሚቴ ያዘጋጀውን ሰነድ አቀረቡ። ሰነዱ መልካም ነገር አልጎደለውም፤ የሁለቱ ሹማምንት ክፍፍል ቀርቶ በቦርዱ የሚመረጥ አንድ ዋና ኀላፊ ይኑር ይላል። ነገር ግን ምክር በአማካሪው ፈቃድ ይቀራል፤ ሕግ ግን ያስገድዳል። በ2015 የሁለቱ ግዛቶች የመንግሥት ሰነድ ለሕዝብ የሚገለጽበት ሕግ በመሥሪያ ቤቱም ላይ እንዲጸና መደረጉ እውነተኛ እርምጃ ነው። ከተመሠረተ ከ90 ዓመት በኋላ መምጣቱን ግን አንርሳ። የሁለቱ አገረ ገዥዎች የመሾምና ቃለ ጉባኤ የመሻር ሥልጣን ዛሬም እንዳለ ነው።

በእኛ አስተያየት እውነተኛ ማሻሻያ አራት ነገር ይፈልጋል።

አንደኛ፣ ኀላፊው አንድ ይሁን። በሙያው ተመርጦ፣ በቦርዱ ተሹሞ፣ ለቦርዱ ብቻ መልስ የሚሰጥ ይሁን። ጥፋት ሲገኝ «እኔ አይደለሁም፣ ያኛው ነው» የሚባባሉ ሁለት ሰዎች ባሉበት ቤት የሚጠየቅ የለም።

ሁለተኛ፣ ኮሚሲዮነር የሾመው ሰው መልእክተኛ አይሁን። ታማኝነቱ ለመሥሪያ ቤቱና ለተጠቃሚው ሕዝብ መሆኑ በሕግ ይጻፍ። ሀብቱንና ጥቅሙን ያስመዝግብ፤ የራሱ ጥቅም ባለበት ጉዳይ ከስብሰባው ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ምክንያት ይጻፍ። አጀንዳው አስቀድሞ ይገለጽ፤ ቃለ ጉባኤው ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደ ተወሰነ ይያዝ። በ2011 የኬላ ዋጋ ጭማሪ በኦገስት 5 ቀን ተነገረ፤ የሕዝብ አስተያየት በአንድ የሥራ ቀን ተሰበሰበ፤ በኦገስት 19 ቀን ጸደቀ። በሁለት ሳምንት የተፈጸመ ነገር ምክክር አይባልም።

አራተኛ፣ ተቆጣጣሪው ከሚቆጣጠረው ሰው እጅ አይብላ። ሪፖርቱን በቀጥታ ለምክር ቤቶቹና ለሕዝብ ያቅርብ። እውነቱን የተናገረ ሠራተኛ ከሥራው እንዳይባረር ሕግ ይጠብቀው።

«ይህ ሁሉ ቁጥጥር ሥራ ያጓትታል» የሚሉ አሉ። ክርክሩን አንንቀውም። ፖለቲከኛ በየቀኑ እጁን የሚያስገባበት ወደብ መርከብ አያስተናግድም፤ መሥራቾቹም የሸሹት ይህንን ነበር። ነገር ግን እጅን ማስገባትና ምክንያትን መጠየቅ የተለያዩ ናቸው። በ2013 የሆነውን ተመልከቱ፤ ከፖለቲካ የራቀ የተባለው መሥሪያ ቤት የፖለቲካ ዱላ የሆነው ምክንያት የሚጠይቅ ስላልነበረ ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። የዚያ ድልድይ ባለቤት ሕዝቡ ነበር፤ የተናቀውም እሱ ነው።

እኅቶችና ወንድሞች፤ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ እጅግ አብዛኛው ገቢና ወጪ ንግዳችን የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። የጅቡቲ ወደብ የጅቡቲዎች ነው፤ አስተዳደሩን ማሻሻል የኛ ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለው የሞጆ ደረቅ ወደብ የኛ ነው። በ2011 የመርከብ፣ የደረቅ ወደብና የትራንዚት ሥራዎች ተዋሕደው በአንድ የመንግሥት ድርጅት ሥር ሆነዋል። ድርጅቱም ልክ እንደዚህኛው ከሚሰጠው አገልግሎት ገቢ የሚሰበስብ ነው። ማንንም ለመክሰስ አልመጣንም። የምንጠይቀው ማንኛውም ባለቤት የሚጠይቀውን ነው። የቦርዱ አባሎች በምን መለኪያ ይመረጣሉ? የመጋዘን ኪራይና የቆይታ ክፍያ ሲጨመር ምክንያቱ ለአስመጪውና ለትራንዚተሩ አስቀድሞ ይገለጻል ወይ? ዋናው ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበውን ሪፖርት ስንቶቻችን አንብበን እናውቃለን? ስለ አሜሪካ ድልድይ ይህን ያህል ገጽ ያነበብን ሰዎች፣ ስለ ሞጆ ምን ያህል አንብበናል? እኛ ራሳችን ይህን ጥናት ስንጨርስ በዚህ ጥያቄ አፍረናል።

በመጨረሻ ስለ አንድ ሰው እንናገር። በዲሴምበር 2013 የድልድዩ ሥራ አስኪያጅ በኒውጀርሲ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው መሰከሩ። መተላለፊያዎቹ እንዲዘጉ ሲታዘዙ ነገሩ ያልተለመደ መሆኑን አውቀው ነበር። ለከተማዋ እንዳይነግሩም ተነግሯቸው ነበር። ትእዛዙን ፈጸሙ። በሥራቸው ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ከመዘጋቱ ያተረፉት አንድ ነገር የለም። ግን ትእዛዙ በጽሑፍ ይምጣልኝ፣ ምክንያቱ ይገለጽልኝ የሚሉበት ደንብ አልነበረም፤ ወይም ቢኖር የሚጠብቃቸው አልነበረም።

ከዚህ አዳራሽ ወጥተን አገራችን ስንገባ፣ ከመካከላችን ሚኒስትር የሚሆነው ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን የምንሆነው እኒያን ሥራ አስኪያጅ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ስልክ ይደወላል፤ «ይህን በር ዝጋ፣ ለማንም አትንገር» እንባላለን። ያን ቀን ጀግንነት ብቻ አያድነንም፤ ልጆች ያሉት ሰው ሁልጊዜ ጀግና ሊሆን አይችልምና። የሚያድነን «ምክንያቱ ሳይጻፍ አልዘጋም» ለማለት የሚያስችል ደንብ ነው። ያ ደንብ ስልኩ ከመደወሉ በፊት መጻፍ አለበት። ስለዚህ ከዛሬ ጀምረን በራሳችን ማኅበር እንኳ ቃለ ጉባኤያችን ውሳኔውን ከነምክንያቱ፣ የተቃወመውንም ሰው ቃል ከነስሙ እንዲይዝ ሐሳብ እናቀርባለን። የማኅበሩም ሒሳብ ገንዘብ ያዡ ባልመረጠው ሰው ይመርመር። በትንሹ ያልለመድነውን በትልቁ አናገኘውም።